ላሲክስና ተፎካካሪዎቹ

የልብ ድካም ድንገት ብሶበት፣ ትንፋሽ አጥሮት፣ ጋደም ማለት አቅቶት ቁጭ ብሎ ያነጋ ሕመምተኛ ድንገተኛ ክፍል ሲደርስ ቀድመው ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ላሲክስ ነው። የመድኃኒቱ ስም ፉሮሰማይድ ይባላል። ልብ ደምን እንደሚገባ መርጨት ሲሳነው ኩላሊት ጨውና ውኃ ይይዛል፤ ውኃው እግርን ያሳብጣል፣ ሳንባ ውስጥም ይጠራቀማል። ላሲክስ ኩላሊት ያጣራውን ጨው መልሶ እንዳይመጥ ያግዳል፤ ጨው ሲወጣ ውኃም ይከተላል። በአፍ ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው መጠን ከሰው ሰው ስለሚለያይ በዚህ ሰዓት በደም ሥር ይሰጣል።

ላሲክስ ከ1960ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ጀምሮ አገልግሏል። በ2001 አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ ያገኘው ኔሲሪታይድ ግን ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። ልብ ሲወጠር ራሱ የሚያመነጨውን ሆርሞን አስመስሎ የተሠራ ነው፤ የደም ሥሮችን ያሰፋል፣ በልብና በሳንባ ያለውን ግፊት ይቀንሳል። በመሣሪያ የሚለካው የግፊት ቁጥር ያማረ ነበር። በ2005 ግን ኩላሊት ሳይጎዳ፣ ሞትም ሳያበዛ አይቀርም የሚል ስጋት ተነሣ። ይህን ለማጣራት ከ7,000 የሚበልጡ ሕመምተኞች በዕጣ ተከፍለው፣ ከተለመደው ሕክምና በተጨማሪ ገሚሶቹ ኔሲሪታይድ፣ ገሚሶቹ ማስመሰያ መድኃኒት ተሰጣቸው። ውጤቱ በ2011 ታወቀ፦ የተፈራው ጉዳት አልታየም፤ ግን በ30 ቀን ውስጥ ከሞትም ሆነ ተመልሶ ሆስፒታል ከመግባት አላዳነም፤ የደም ግፊትንም ከልክ በላይ የጣለባቸው በዙ። ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል የሚለው ጥያቄ መድኃኒቱ ገበያ ላይ ከመዋሉ በፊት መመለስ ነበረበት ብዬ አምናለሁ።

በዚያው ዓመት 308 ሕመምተኞች የተሳተፉበት ጥናት ስለ ላሲክስም ጠየቀ፦ በየ12 ሰዓቱ ይወጋ ወይስ ያለማቋረጥ ይንጠብጠብ? በሕመም ስሜትም ሆነ በኩላሊት ላይ ጉልህ ልዩነት አልተገኘም። ከአርባ ዓመት በላይ በተሠራበት መድኃኒት ላይ!

ንጽጽሩ የማን አካል ላይ እንደተደረገም ያሳስበኛል፤ ሕመምተኛው በየቦታው አንድ ዓይነት አይደለምና። ኢትዮጵያን ጨምሮ በ9 የአፍሪካ አገሮች 1,006 የልብ ድካም ሕመምተኞችን የመዘገበው ጥናት በ2012 እንዳሳየው አማካይ ዕድሜያቸው 52 ነበር፤ ዋናው መንስኤም የልብ ደም ሥር መዘጋት ሳይሆን የደም ግፊት ነው። በ2022 የወጣውና ናይጄሪያንና ሞዛምቢክን ያካተተው ጥናት ደግሞ ቀድሞ የታወቁትን የልብ መድኃኒቶች ሕመምተኞቹ ከሆስፒታል በወጡ በ2 ሳምንት ውስጥ እስከ ሙሉ መጠናቸው አድርሶ በቅርብ ተከታተለ። በዚህ መንገድ ከታከሙት በ180 ቀን ውስጥ የሞቱት ወይም በልብ ድካም ተመልሰው የተኙት 15.2 በመቶ ሲሆኑ፣ በተለመደው አካሄድ ከታከሙት ግን 23.3 በመቶ ደረሱ።