ስለ ሞሮኮ ብሔራዊ የፉትሳል ቡድንና ስለ ዓለም አቀፍ ውድድሮቹ

አንድ ቡድን በዓለም ዋንጫ ተካፍሎ ያደረጋቸውን ጨዋታዎች በሙሉ ቢሸነፍ፣ ከአራት ዓመት በኋላም ተመልሶ ሄዶ እንደ ፊተኛው ሁሉንም ቢሸነፍ፣ አገሩ ምን ማድረግ ይገባዋል? አሠልጣኙን ማሰናበት፣ ገንዘቡንም ለተሻለ ጉዳይ ማዋል ነው ብሎ የሚመልስ ሰው ብዙ እንደሚሆን አንጠራጠርም። በሞሮኮ ብሔራዊ የፉትሳል ቡድን ላይ የደረሰው ይኸው ነበር። በ2012 በታይላንድ 3 ጨዋታ፣ በ2016 በኮሎምቢያ 3 ጨዋታ፣ በድምሩ 6 ተጫውቶ ስድስቱንም ተሸነፈ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውልልን እንለምናለን።) ከዚያ ወዲህ በተደረጉት በ2021 እና በ2024 የዓለም ዋንጫዎች ግን ያው ቡድን፣ በዚያው አሠልጣኝ እየተመራ፣ ሁለቱንም ጊዜ ከመጨረሻዎቹ ስምንት ቡድኖች መካከል ለመገኘት ቻለ። ይህ ለውጥ በምን መንገድ እንደመጣ፣ ውጤቱም በእርግጥ ምን ያህል እንደሚመዝን በሚከተለው ለማስረዳት እንሞክራለን።

አስቀድሞ ስለ ጨዋታው ጥቂት ቃል መናገር ያስፈልጋል። ፉትሳል በአዳራሽ ውስጥ የሚደረግ የእግር ኳስ ነው። በ1930 በኡሩጓይ ዋና ከተማ በሞንቴቪዴዎ የጀመረው ኹዋን ካርሎስ ሴሪያኒ የተባለ መምህር ሲሆን፣ ያስጀመረውም እኛ ወወክማ ብለን በምናውቀው የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር ቤት ውስጥ ነበር። በሁለቱም ወገን አምስት አምስት ሰዎች፣ በረኛው ጭምር፣ ይሰለፋሉ። ሜዳው 40 ሜትር በ20 ሜትር ያህል፣ የግቡ ስፋት 3 ሜትር፣ ከፍታውም 2 ሜትር ነው። ኳሷ ከተለመደችው አነስ ትላለች፤ ብዙም አትነጥርም። ከሁለት ሜትር ከፍታ ስትለቀቅ መልሳ መንጠር የሚገባት ከ50 እስከ 65 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ኳሷን ወደ ሰማይ እየለጉ መሮጥ እዚህ አይጠቅምም፤ በእግር ሥር መያዝና ቶሎ ማቀበል ግድ ይሆናል።

እስከዚህ ድረስ በየሰፈሩ ሁለት ድንጋይ ተክሎ የጨርቅ ኳስ የተጫወተ ሁሉ ነገሩ አዲስ አይሆንበትም። ልዩነቱ የሚመጣው በደንቡ ነው። ጨዋታው ሁለት ጊዜ 20 ደቂቃ ሲሆን ኳስ ከሜዳ በወጣች ቍጥር ሰዓቱ ይቆማል፤ ጊዜ ለመግደል ብሎ መሬት ላይ መተኛት ትርፍ የለውም። ኳስ ከሜዳ ስትወጣ የምትመለሰው በእጅ ተወርውራ ሳይሆን በእግር ተመትታ ነው፤ ይህም በአራት ሴኮንድ ውስጥ ካልሆነ ለተቃራኒው ወገን ትሰጣለች። የአንድ ቡድን ጥፋት በአንዱ ግማሽ ጊዜ ውስጥ ከአምስት ካለፈ፣ ከስድስተኛው ጀምሮ ተቃራኒው ከግቡ 10 ሜትር ርቀት ላይ፣ የሰው ግድግዳ ሳይኖር፣ ይመታል። ተለዋጭ ተጫዋቾች እስከ 9 ሊሆኑ ይችላሉ፤ ዳኛን ሳያስፈቅዱ፣ ጨዋታውም ሳይቆም፣ የፈለጉትን ያህል ጊዜ ይገባሉ፣ ይወጣሉ። እየተሸነፈ ያለ ቡድን በመጨረሻው ደቂቃዎች በረኛውን አስወጥቶ በምትኩ አምስተኛ አጥቂ የሚያስገባበት ጊዜም ብዙ ነው፤ ያን ጊዜ ግቡ ባዶውን ይቀራል።

እነዚህን ደንቦች በዝርዝር የጠቀስነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሩጫው ብርቱ ስለሆነ ተጫዋቾቹ በየጥቂት ደቂቃው አራት አራት ሆነው ይቀያየራሉ። እንግዲህ አንድ አገር አምስት ጐበዞች ቢያገኝ አይበቃውም፤ እርስ በርሳቸው የተላመዱ፣ ደረጃቸው የተቀራረበ አሥርና አሥራ ሁለት ሰዎች ያስፈልጉታል። እነዚህም የሚገኙት በየሳምንቱ ከሚደረግ የክለቦች ውድድርና ከረጅም ልምምድ ነው። የኳስ ተሰጥኦ በመንገድ ላይ ሊገኝ ይችላል፤ ስድስተኛው ጥፋት እንዳይሠራ ቈጥሮ መከላከልን ግን መንገድ አያስተምርም።

ወደ አፍሪካ ውድድር እንለፍ። የአፍሪካን የፉትሳል ዋንጫ በ1996፣ በ2000 እና በ2004 ግብፅ፣ በ2008 ደግሞ በገዛ አገሯ ትሪፖሊ ላይ ሊቢያ ወስደዋል። ከዚያ በኋላ እስከ 2016 ድረስ ውድድሩ አልተደረገም። ሞሮኮ በእነዚህ ዓመታት ስሟ እምብዛም አይነሳም ነበር። ሂሻም ዲጊግ ብሔራዊ ቡድኑን የተረከቡት በ2010 ነው፤ በሁለት ዓመት ውስጥም ቡድኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዓለም ዋንጫ አደረሱት። ታይላንድ ላይ የገጠመውም ከላይ የተናገርነው ነው።

የ2016 ታሪክ ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ይመስለናል። በዚያ ዓመት ሚያዝያ ወር ሞሮኮ በደቡብ አፍሪካ፣ በጆሐንስበርግ፣ ግብፅን በመጨረሻው ጨዋታ 3 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ወሰደች። ከአምስት ወር በኋላ ሁለቱም ወደ ኮሎምቢያ ሄዱ። የአፍሪካው ባለ ዋንጫ ሦስቱንም ጨዋታ ተሸንፎ ሲመለስ፣ ሁለተኛ የወጣችው ግብፅ ኢጣሊያን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 3 አሸንፋ ሩብ ፍጻሜ ደረሰች፤ እዚያም በአርጀንቲና 5 ለ 0 ተሸነፈች፤ ዋንጫውንም በመጨረሻ የወሰደችው አርጀንቲና ናት። በጆሐንስበርግ የተገኘችው አንድ ጐል ሞሮኮ ከግብፅ ትበልጣለች የሚል ማስረጃ ከሆነች፣ የኮሎምቢያው ውጤት ደግሞ ተቃራኒውን ይመሰክራል። እኛ ግን ሁለቱም ብቻቸውን በቂ ምስክር አይደሉም እንላለን። በአንድ ጐል የተለያዩ ቡድኖችን አንዱን ኃያል፣ ሌላውን ደካማ ብሎ መፈረጅ፣ በየጋዜጣው ዘወትር ብናየውም፣ ከሥሌት የራቀ ነው።

የሞሮኮ እግር ኳስ ፌዴሬሽን በዚህ ጊዜ ያደረገው ነገር እጅግ ቀላል ይመስላል፤ ሰውየውን አላሰናበተም። ፌዴሬሽኑን ከ2014 ጀምሮ ፋውዚ ሌክጃ ይመሩት ነበር። በራባት አጠገብ በሳሌ፣ ማሞራ በተባለው ሥፍራ፣ በንጉሡ በመሐመድ ስድስተኛ ስም የተጠራው ታላቁ የእግር ኳስ ማዕከል በ2019 መጨረሻ ሲመረቅ፣ ከሣር ሜዳዎቹ ጐን ለፉትሳል የሚሆን አዳራሽ ተሠርቶለት ነበር። ለትልቁ እግር ኳስ የሚወጣው ገንዘብ በየትም አገር ትንሹን ጨዋታ ይውጠዋል፤ እዚያ ግን ትንሹም በአንድ ግቢ ውስጥ ክፍሉን አገኘ። ሱፍያን ኤል መስራርንና ቢላል ባካሊን የመሳሰሉት ተጫዋቾች ለዓመታት አብረው የቆዩትና አንዱ የሌላውን አካሄድ ሳያይ የሚያውቅበት ደረጃ የደረሱት በዚህ ዓይነት አያያዝ ነው።

ፍሬው በ2020 ታየ። በላዩን ከተማ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ሞሮኮ ያችኑ ግብፅን 5 ለ 0 አሸነፈች። ከአራት ዓመት በፊት አንድ ጐል የነበረው ልዩነት አምስት ሆነ ማለት ነው። (ላዩን የምትገኘው ባለቤትነቱ በሚያከራክረው በምዕራብ ሰሐራ ስለሆነ ደቡብ አፍሪካ በዚሁ ምክንያት ከውድድሩ ወጥታለች፤ ስፖርት ከፖለቲካ የተለየ ነው ለሚሉት ይህን ማስታወስ ሳይጠቅም አይቀርም።) በ2024 ደግሞ በራባት አንጎላን 5 ለ 1 አሸንፋ ሦስተኛ ዋንጫዋን በተከታታይ ወሰደች። በዚህ መካከል በ2021፣ በ2022 እና በ2023 የዓረብ አገሮች ዋንጫ የሞሮኮ ነበር። ግብፅ ግን በዚያው በራባቱ ውድድር በሦስተኛነት ደረጃ በሊቢያ ተቀድማ፣ ከ1996 ጀምሮ አንድም ጊዜ ሳትቀር ከተካፈለችበት ከዓለም ዋንጫ ቀረች።

የዓለም ዋንጫውን ውጤት ጨዋታ በጨዋታ እንመርምር። በ2021 በሊትዌኒያ ሞሮኮ የሰለሞን ደሴቶችን 6 ለ 0 አሸነፈች፤ ይህም በዓለም ዋንጫ የመጀመሪያዋ ድል ነበር። ቀጥሎ ከታይላንድ ጋር 1 ለ 1፣ ከፖርቱጋል ጋርም 3 ለ 3 ተለያየች። ፖርቱጋል በመጨረሻ የዓለም ባለ ዋንጫ እንደሆነች ስናስታውስ የዚህች ውጤት ዋጋ ከፍ ይላል። ከዚያም ቬኔዙዌላን 3 ለ 2 አሸንፋ በሩብ ፍጻሜ በብራዚል 1 ለ 0 ተሸነፈች። በ2024 በኡዝቤኪስታን ታጂኪስታንን 4 ለ 2፣ ፓናማን 6 ለ 3 አሸነፈች፤ በፖርቱጋል 4 ለ 1 ተሸነፈች። በጥሎ ማለፉ የእስያን ዋንጫ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ደጋግማ የወሰደችውን ኢራንን 4 ለ 3 አሰናበተች። በሩብ ፍጻሜ እንደገና ብራዚል መጣች፤ 3 ለ 1 ሆነ። ብራዚል በዚያ ዓመት ዋንጫውን ለስድስተኛ ጊዜ ወሰደች።

በአራቱ የዓለም ዋንጫዎች ድምሩ 16 ጨዋታ፣ 5 ድል፣ 2 እኩል፣ 9 ሽንፈት ነው። ድምሩን ብቻ ያየ ሰው ይህን መካከለኛ ውጤት ይለዋል፤ ነገር ግን ድሎቹም እኩል የወጣባቸውም ጨዋታዎች በሙሉ የተገኙት ከ2021 ወዲህ በተደረጉት 10 ጨዋታዎች ነው። ፊፋም በግንቦት 2024 ለመጀመሪያ ጊዜ ባወጣው የፉትሳል ደረጃ ሞሮኮን ከዓለም 6ኛ አድርጎ አስቀምጧታል።

ሆኖም አድናቆታችን ዓይናችንን እንዳይሸፍነው ሁለት ነገር ልንጨምር ይገባናል። መጀመሪያ፣ ከሦስቱ የአፍሪካ ዋንጫዎች በባዕድ ሜዳ የተገኘው የ2016ቱ ብቻ ነው፤ ሁለቱን ያዘጋጀችው ሞሮኮ ራሷ ናት። በእያንዳንዱም የተካፈሉት ስምንት ቡድኖች ስለነበሩ ዋንጫውን ለመውሰድ አምስት ጨዋታ ይበቃ ነበር። ይህ ድሉን አይሰርዘውም፤ የ5 ለ 0 እና የ5 ለ 1 ውጤትም የራስ ሜዳ ጭብጨባ ብቻ የሚሰጠው አይደለም፤ ይሁን እንጂ ሚዛኑ ውስጥ መግባት አለበት።

ሁለተኛው የበለጠ ከባድ ነው። በ2021 ሞሮኮ በ5 ጨዋታ 13 ጐል አግብታ የገባባት 7 ብቻ ነበር። በ2024 በ5 ጨዋታ 16 አገባች፤ የገባባት ግን 15 ነው። የማጥቃቱ ኃይል በጥቂት ሲያድግ የመከላከሉ ጕድለት ከእጥፍ በላይ ሆኗል። በሊትዌኒያ ብራዚልን አንድ ጐል ብቻ አስቸግሮ ያስቀረ ግድግዳ በኡዝቤኪስታን ከአምስቱ ተጋጣሚዎች አንዱን እንኳ ከሁለት ጐል በታች ሊያስቀር አልቻለም። አምስት ጨዋታ ትንሽ ናሙና መሆኑን አንዘነጋም። ነገር ግን በእኛ አስተያየት ቡድኑ ከሩብ ፍጻሜ ሊያልፍ ያልቻለበትን ምክንያት በብራዚል ኃያልነት ብቻ ማመካኘት አይገባም፤ ብራዚል በ2021 ራሷ በግማሽ ፍጻሜ በአርጀንቲና 2 ለ 1 ተሸንፋለችና የማትነካ አይደለችም።

አንዳንድ ሰዎች ይህ ሁሉ የአንድ አሠልጣኝ ሥራ ነው ይላሉ። ዲጊግ ባይኖሩ ኖሮ ነገሩ በዚህ መልክ ይሄድ ነበር ለማለት አንደፍርም። ነገር ግን የወንዶቹ ሥርዓት ወደ ሴቶቹም መዛመቱ ከአንድ ሰው ያለፈ ነገር እንዳለ ያሳያል። በሚያዝያ 2025 የአፍሪካ የሴቶች ፉትሳል ዋንጫ በራባት ሲደረግ የሞሮኮ ሴቶች ዋንጫውን ወሰዱ። በመጨረሻው ጨዋታ የገጠሟቸው ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡት የታንዛኒያ ሴቶች ነበሩ፤ ውጤቱም እንደ ጆሐንስበርጉ 3 ለ 2 ሆነ። ሁለቱም ቡድኖች በዚያው ዓመት በፊሊፒንስ ወደተደረገው የመጀመሪያ የሴቶች የፉትሳል ዓለም ዋንጫ አብረው አለፉ።