ምት ቃሉን ሲያገለግል፦ የምት መሣሪያዎች በሕፃናት የክፍል መዝሙር



በመማሪያ ክፍል ውስጥ ሕፃናት እየዘመሩ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲመቱ መዝሙሩ በጫጫታ ይዋጣል፤ ሕፃናቱም ከምቱ በላይ ለመሰማት ሲሉ ይጮኻሉ። በዚህ የተሰላቸ መምህር ከበሮውን ከነጭራሹ ያስቀምጠዋል። ይሁን እንጂ መፍትሔው መሣሪያውን መከልከል ሳይሆን ምቱ ምን እንዲያስተምር እንደምንሻ አስቀድሞ መወሰን ነው።

ምት ከሁሉ አስቀድሞ ጆሮን፣ በጆሮም በኩል ቋንቋን ያስተምራል። በአማርኛ የድምፅ መጥበቅና መላላት የቃልን ትርጉም ይለውጣል፤ ፊደላችን ግን ይህን ልዩነት አያሳይም። «ዋና» ሲላላ በውኃ ውስጥ መዋኘትን፣ ሲጠብቅ ቀዳሚ የሆነውን ነገር ያመለክታል። «ገና»ም ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው፤ ሲላላ ግን ጊዜው አለመድረሱን ይናገራል። ንባብ ጀማሪ ሕፃን ይህን ከጽሑፉ ብቻ ሊለይ አይችልም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ጊዜ ያጨብጭብ፤ ቃሉ በሚጠብቅበት ስፍራ መዳፎቹን ገጥሞ ለቅጽበት ያቆይ። በዚህ ጊዜ ልዩነቱን በእጁ ጭምር ያውቀዋል።

ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ካርል ኦርፍ (1895–1982 እ.ኤ.አ.) ለሕፃናት ባዘጋጀው የማስተማሪያ ዘዴ ንግግርን፣ እንቅስቃሴንና ምትን አንድ ላይ አስተሳስሯል። እኛም ከሰውነት እንጀምር፤ ጭብጨባው ሲጸና ወደ መሣሪያ እንሻገር። የከበሮ ሰፊው ፊት ወፍራም፣ ጠባቡ ፊት ቀጭን ድምፅ ስለሚሰጥ፣ ሰፊው የስንኙን መነሻ፣ ጠባቡ በመካከል ያሉትን ምቶች ይያዝ። ከበሮውን አንድ ሕፃን ብቻ ይምታ፤ ተራውም ዓይን አፋሩን ሳይዘነጋ ለሁሉም ይድረስ።

የተፈጥሮን ድምፅ ለማስመሰል ወጪ አያስፈልግም። ዝናብን በአንድ ጣት መዳፍን በመምታት ጀምሮ ጣቶችን እየጨመሩ ማበርታት፣ ነጎድጓድን በእግር መሬትን በመደብደብ ማሰማት ይቻላል። ጤፍ የተጨመረበት ክዳን ያለው ጣሳ ለስላሳ፣ ሽምብራ የተጨመረበት ሻካራ ድምፅ ይሰጣል። እነዚህ ድምፆች በስንኞች መካከል ይግቡ እንጂ በቃሉ ላይ አይደረቡ። ሕፃኑ ተራውን በጸጥታ መጠበቁም የትምህርቱ አካል ነው።

መመዘኛው ቀላል ነው፤ መምህሩ ከክፍሉ የኋላ ጥግ ቆሞ ያድምጥ። ቃሉ ካልተሰማው ምቱ በዝቷል።