የመምህር የግል ጽሑፍና የባልንጀሮች ፍርድ በማኅበራዊ ሚዲያ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከደባርቅ ተነሥቶ በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በኩል ወደ ጃናሞራ የሚወስደው መንገድ አምባራስን አቋርጦ ያልፋል። በዚያ አካባቢ ቅኔ የሚያስተምሩ አንድ መሪጌታ በአንድ የዐቢይ ጾም ምሽት በፌስቡክ ገጻቸው ጥቂት መስመሮች ጻፉ። ደቀ መዛሙርታቸው ቁራሽ ለምነው ባዶ አኩፋዳ ይዘው መመለሳቸውን፣ ሁለቱ ታመው ጎጆ ውስጥ መተኛታቸውን፣ እሳቸውም መድከማቸውን ገለጹ። ልመናው እስከ መቼ እንደሚቀጥልም ጠየቁ።

በማግሥቱ ፍርዱ መጣ። የፈረዱባቸው በአብዛኛው ምእመናን አልነበሩም፤ አብረዋቸው የተማሩ መምህራንና አገልጋዮች ነበሩ። አንዱ የአብነት ትምህርት ቤትን አዋርደዋል አሉ። ሌላው «ተሐድሶ» የሚለውን ስም ለጠፉባቸው። ይህን የምጽፈው እኔም ከነቀፌታዎቹ አንዱን ሳላጣራ ለሌሎች አጋርቼ ነበር።

ይህ ስም በአንድ አገልጋይ ላይ ሲለጠፍ ከዐውደ ምሕረትም ከጉባኤም ሊያስወጣው የሚችል ክስ ነው። የሃይማኖት ሕጸጽ የተገኘበት ሰው የሚጠየቅበት እንጂ «ልጆቼ ተራቡ» ያለ መምህር የሚጠራበት አይደለም።

ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ከቁጥር 15 እስከ 17 የወቀሳን ሥርዓት አስተምሮናል። በመጀመሪያ ለብቻ፣ ቀጥሎ ከአንድ ወይም ከሁለት ምስክሮች ጋር፣ በመጨረሻ ለቤተ ክርስቲያን መንገር ነው። በስልክ ላይ የሚሰጥ ፍርድ ሁለቱን ዘልሎ ከሦስተኛው የሚጀምር ይመስላል። በእርግጥ ግን ሦስተኛውንም አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያን የተከሳሹን ቃል ሳትሰማ አትፈርድምና። መሪጌታን ከነቀፉት መካከል ሁለቱ የግማሽ ቀን መንገድ ብቻ የሚርቁ፣ ስልክ ቁጥራቸውንም የያዙ ነበሩ። የደወለ የለም።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 18 የተጻፈው የአጵሎስ ታሪክ ደግሞ ለመምህራን ይበልጥ የቀረበ ነው። አጵሎስ በኤፌሶን ምኵራብ በድፍረት ሲያስተምር ያውቅ የነበረው የዮሐንስን ጥምቀት ብቻ ነበር። አቂላና ጵርስቅላ ጉድለቱን በሰሙ ጊዜ ወደ እነርሱ ወስደው የጎደለውን አስረዱት። ስሕተቱ በአደባባይ፣ እርማቱ ግን በቤት ሆነ፤ አጵሎስም ከዚያ በኋላ በአካይያ ብዙዎችን ጠቀመ።

ቅዱስ ጳውሎስ በአንጾኪያ ቅዱስ ጴጥሮስን በሁሉ ፊት መውቀሱን በመጥቀስ የሚከራከሩ ይኖራሉ (ገላ. 2፥11-14)። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ድርጊቱ ሌሎችን እያሳተ ነበርና ወቀሳው ግልጽ መሆን ነበረበት። ነገር ግን ጳውሎስ የተናገረው ፊት ለፊት፣ ጴጥሮስም በቦታው ሳለ ነው።

መገምገም ለእኛ እንግዳ አይደለም። ቅኔ ቤት ያለፈ ሁሉ የቆጠረውን ለመምህሩ ነግሮ ታርሟል። በማኅሌትም ቅኔው ሲሠምር ሊቃውንቱ «ይበል!» ይላሉ፤ ሲጎድልም ይታረማል። ሁሉም የሚሆነው ግን ቅኔውን በጆሯቸው በሰሙ፣ ባለ ቅኔውም ፊታቸውን በሚያያቸው ሰዎች መካከል ነው።

ደግሞም የሃይማኖት ጉዳይና የልማድ ጉዳይ ይለያያሉ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበሩት አለቃ ገብረ ሐና (ብዙ ሰው የሚያውቃቸው በቀልዳቸው ብቻ መሆኑ ያሳዝናል) የጣናን ማዕበል አይተው አዲስ የአቋቋም ስልት እንዳወጡ ይነገራል። የጎንደር ሊቃውንት አልተቀበሉትም። አለቃም ስልቱን ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩ፤ በደብረ ታቦር ጸንቶ የተክሌ አቋቋም ተባለ፤ ዛሬ በብዙ አድባራት ይቆማል። የጎንደር ሊቃውንት ዜማው እንዳይፋለስ መጠንቀቃቸው የሚነቀፍ አይመስለኝም። ስልትን አለመቀበል ግን ሰውን መናፍቅ ከማለት ይለያል።

በእርግጥ መምህሩም ያለ ኃላፊነት አይጽፍም። ጥምጥም የጠመጠመበት ፎቶግራፍና «መሪጌታ» የሚል ማዕርግ ባለበት ገጽ የሚወጣውን ሁሉ አንባቢ የቤተ ክርስቲያን ቃል አድርጎ ይወስደዋል። ቅዱስ ያዕቆብም መምህራን የባሰ ፍርድ እንደሚጠብቃቸው ያስጠነቅቃል (ያዕ. 3፥1)። መሪጌታ የታመሙትን ልጆች ነገር ከመጻፋቸው በፊት ለአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ ቢያሳውቁ ይሻል ነበር ብዬ አስባለሁ። ይህን ስነግራቸው ሁለት ጊዜ አሳውቄ ነበር አሉኝ። ዝም አልኩ።

ይቅርታ ልጠይቅ የሄድኩት ከትንሣኤ በኋላ ነበር። ገጻቸውን ዘግተዋል። ከደቀ መዛሙርቱ አራቱ ወሬውን የሰሙ ወላጆች ወስደዋቸዋል፤ የቀሩት ከጎጆው ደጃፍ ተቀምጠው ቅኔ ይቆጥራሉ። ስለ ፍርዱ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ልጆቹ ቀለብ ለጠየቁት ጥያቄ ግን እስካሁን የመለሰላቸው የለም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።