የስፒከር ዋትና የሚሰማው ድምፅ

ተማሪዎች በኮምፔንሳቶ ሳጥን፣ በአነስተኛ አምፕሊፋየርና በባትሪ የሚሠሩት ተንቀሳቃሽ የሙዚቃ ማጫወቻ ድምፁ ሲያንስ፣ አስቀድሞ የሚታሰበው ዋቱ ከፍ ያለ ስፒከር መግዛት ነው። ነገር ግን በስፒከር ጀርባ የሚጻፈው ዋት ስፒከሩ ሳይቃጠል የሚችለውን ኃይል እንጂ የሚሰጠውን ድምፅ አይገልጽም።

ለቆጣቢ ገዢ የሚጠቅመው ሌላ ቁጥር ነው፦ ስፒከሩ 1 ዋት ሲሰጠው በ1 ሜትር ርቀት የሚያሰማው የድምፅ መጠን። ይህም በዴሲቤል ይለካል። የ3 ዴሲቤል ብልጫ ኃይልን በእጥፍ እንደ ማሳደግ ይቆጠራል። ስለዚህ ባለ 90 ዴሲቤል ስፒከር በ4 ዋት የሚያሰማውን ድምፅ ለማሰማት፣ ባለ 84 ዴሲቤሉ 16 ዋት ይፈልጋል። የአምፕሊፋየሩን ብክነት ብንተወው፣ 84 ዋት-ሰዓት የሚይዝ ባትሪ የመጀመሪያውን 21 ሰዓት፣ ሁለተኛውን 5 ሰዓት ከሩብ ያህል ያጫውታል።

ከግዢው በፊት ሳጥኑን እንመርምር። የስፒከሩ ወረቀት አየሩን ወደ ፊት ሲገፋ ከኋላው ያለው አየር ይሳሳል። በሳጥኑ ላይ ክፍተት ካለ ሁለቱ ሞገዶች ተገናኝተው ይጠፋፋሉ፤ በተለይ ወፍራሙ ድምፅ ይዳከማል። መጋጠሚያዎቹን በኮላ መድፈን ወጪው እጅግ ጥቂት ነው።

ኦሙንም ማየት ይገባል። በ8 ኦም ምትክ 4 ኦም ብናስገባ፣ በአንድ ዓይነት ቮልቴጅ የሚፈሰው ከረንት እጥፍ ስለሚሆን አምፕሊፋየሩ ይህን መቻሉን እናረጋግጥ።

በመጨረሻም አንድ የተፈጥሮ ገደብ አለ፦ ትንሽ ሳጥን፣ ጥልቅ ወፍራም ድምፅና አነስተኛ የኃይል ፍጆታ ሦስቱም በአንድነት አይገኙም። ሁለቱን የመረጠ ሦስተኛውን ይተዋል። ከባትሪ ጋር ለሚዞር መሣሪያ ጥልቁን ድምፅ በከፊል መተው ይበጃል እንላለን።