ሉፑ ወዴት ሄደ?

«ሉፕ ወደ ልብ ይወጣል» የሚለው ወሬ ቡና በተፈላበት ሁሉ አይጠፋም። ወደ ልብ አይወጣም። ከማህፀን መውጣቱ ግን አልፎ አልፎ ያጋጥማል፤ ወሬውን ለማስተባበል ሲባል ይህንን መሸሸግ ሌላ ወሬ መውለድ ነው።

በብዛት የሚሰጠው ሉፕ ማህፀን ውስጥ የሚቀመጥ፣ 36 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው፣ መዳብ የተጠመጠመበት ፕላስቲክ ነው። ከአሥር ዓመት በላይ ያገለግላል፤ ከመቶ 99 በላይም እርግዝናን ይከላከላል። በስድስት የአውሮፓ አገሮች ከ61 ሺህ በላይ ሴቶችን የተከታተለ ጥናት የማህፀን መበሳት ከሺህ ሴቶች አንዷን ያህል እንደሚያጋጥም አሳይቷል። በሚያጠቡ እናቶች ላይ አደጋው ስድስት እጥፍ ገደማ ይጨምራል፤ የማህፀናቸው ግድግዳ በዚያ ወቅት ስስና ለስላሳ ነውና። ጉዞው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ሉፑ በገባበት ዕለት ነው። ጫፉ ግድግዳው ውስጥ ይሰነቀርና የማህፀን መኮማተር ቀስ በቀስ ይገፋዋል። ሴትዮዋ ሕመም ላይሰማት ይችላል።

ያመለጠው ሉፕ አብዛኛውን ጊዜ ሞራ ውስጥ ተጣብቆ ይገኛል፤ አንዳንዴም አንጀት ይበሳል። ከሁሉም አሳሳቹ ግን ፊኛ የገባው ነው። ፊኛ ከማህፀን ፊት ለፊት ተለጥፎ ስለሚገኝ መንገዱ አጭር ነው። ሽንት ውስጥ የሟሟው ጨው ባዕዱን ነገር እየለበሰ ዓመት በዓመት ጠጠር ይሠራል። ሴትዮዋ ሽንቷ ያቃጥላታል፣ ቶሎ ቶሎ ይመጣባታል፣ ደምም ይቀላቅላል። «ኢንፌክሽን ነው» ተብላ መድኃኒት ትወስዳለች፤ ይሻላታል፤ ተመልሶ ያማታል። ሉፕ እንዳስገባች ማን ይጠይቃት?

በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ካገቡ ሴቶች የወሊድ መከላከያ መርፌ የሚጠቀሙት 23 በመቶ ሲሆኑ ሉፕ የሚጠቀሙት ሁለት በመቶ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ በሰሜን ወሎ፣ ሀብሩ ወረዳ ጤና ጣቢያ የምትሠራ አዋላጅ ያመለጠ ሉፕ ሳታይ ዓመታት ቢያልፏት አይገርምም። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት ሰሜን ወሎ በገባ ጊዜ ደግሞ ብዙ ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ ያኔ ክትትሏ የተቋረጠባት ሴት ዛሬም መታየት አለባት።

ከሉፑ ጫፍ የሚንጠለጠለው ክር መጥፋቱ ብቻውን አያስደነግጥም፤ ብዙውን ጊዜ ወደ ላይ ተስቦ ይሆናል። ስህተቱ ሳያረጋግጡ «ወድቋል» ብሎ ሌላ ማስገባት ነው። መጀመሪያ እርግዝና አለመኖሩ ይታያል፤ ከዚያ አልትራሳውንድ ይደረጋል። ማህፀን ውስጥ ካልተገኘ መላ ሆድና ዳሌ ራጅ ይነሳል፤ ፕላስቲኩ ባሪየም ስላለበት ነጭ ሆኖ ይወጣል። ከማህፀን የወጣ ሉፕ እርግዝናን አይከላከልም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እንዲወጣ ይመክራል። ሆድ ውስጥ ያለው በትንሽ ቀዳዳ በሚገባ ካሜራ ወይም በቀዶ ሕክምና ይወጣል፤ ፊኛ ውስጥ ያለው ብዙውን ጊዜ በሽንት ቧንቧ በኩል።

ክሩ የጠፋባትና ሲወድቅም ያላየች ሴት፣ በሀብሩ ወረዳ ከተማ መርሳ ያለው ተቋም አልትራሳውንድም ሆነ ራጅ ከሌለው፣ ወደ ወልድያ ኮምፕሪሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሪፈር እንዲጻፍላት ትጠይቅ። የሽንት ሕመም የሚመላለስባት ደግሞ ሳትጠየቅም «ሉፕ አስገብቼ ነበር» ትበል።