በመዝገብ የጎደለው ነዳጅና የሆኖሉሉ ከተማ ውኃ

ግምጃ ቤት ያለው ነጋዴ ሁሉ ጠንቅቆ የሚያውቀው አንድ ሥራ አለ፤ ይኸውም ቆጠራ ነው። በመዝገብ የሰፈረውና በመጋዘን ያለው ዕቃ አልገጥም ሲል ባለቤቱ በመጀመሪያ ግምጃ ቤት ጠባቂውን ይጠይቃል፤ ቀጥሎም የገቢና የወጪ ደረሰኙን ያገላብጣል፤ በመጨረሻም በሩንና ጣሪያውን ይመረምራል። የጎደለው ዕቃ የት እንደ ደረሰ ሳያውቅ ሒሳቡን ዘግቶ የሚተኛ ሰው በንግድ ሥራ ብዙ ዘመን ሊቆይ አይችልም።

በዓለም ላይ ከፍተኛ ሀብት ካላቸው መሥሪያ ቤቶች አንዱ የሆነው የአሜሪካ የባሕር ኃይል ግን በ2021 ዓ.ም. ከአንድ ቦቴ የሚበልጥ የጄት ነዳጅ ጎድሎበት፣ የጎደለው የት እንደ ገባ ሳያውቅ ስድስት ወር አለፈው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ነዳጁ የት እንደ ነበረ የታወቀው ከውኃ ቧንቧ ጋር ወደ ሰው ቤት ከገባ በኋላ ነው። ነገሩ ከዚያ በኋላ የጦር ሠራዊት ንብረት በማን ቁጥጥር ሥር ሊውል ይገባዋል የሚለውን ጥያቄ አስነሥቷልና፣ ለነዳጅ አስመጪውም ሆነ ለባለ ሱቁ ሊታወቅ የሚገባው ሆኖ ስላገኘነው እንደሚከተለው አቅርበነዋል።

ቦታው በፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል የሚገኘው የሃዋይ ግዛት ሲሆን፣ ደሴቲቱ ኦዋሁ፣ ከተማዪቱም ሆኖሉሉ ናት። ስመ ጥሩው የፐርል ሐርበር ወደብ በዚያው ይገኛል። በወደቡ ዳር በግልጽ የቆሙት የነዳጅ ታንከሮች ከአየር ለሚመጣ ጠላት የተጋለጡ መሆናቸው አስቀድሞ ስለ ታሰበበት፣ በታኅሣሥ 1940 ዓ.ም. ሬድ ሂል በሚባለው ኮረብታ ውስጥ የምሥጢር ማከማቻ መቆፈር ተጀመረ። ጃፓኖች ወደቡን የደበደቡት ሥራው ከተጀመረ ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። ሥራው በ1943 ዓ.ም. ሲፈጸም 20 ታንከሮች በተራራው ሆድ ውስጥ ተሠርተው ነበር። እያንዳንዱ ታንከር ከላይ እስከ ታች 76 ሜትር፣ ወርዱም 30 ሜትር ያህል ሲሆን፣ 12 ሚሊዮን ተኩል ጋሎን ይይዛል። አንዱ የአሜሪካ ጋሎን 3.8 ሊትር ያህል ስለሆነ፣ አንዱ ታንከር ብቻ ወደ 47 ሚሊዮን ሊትር ገደማ ያጠራቅማል ማለት ነው። በእኛ መንገድ ላይ የምናያቸው 45 ሺህ ሊትር የሚጭኑ ቦቴዎች ከአንድ ሺህ በላይ ካልሆኑ በቀር አንዱን ታንከር ሊሞሉት አይችሉም። ነዳጁ 4 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም ዋሻ ውስጥ በተዘረጋ ቧንቧ በገዛ ክብደቱ እየወረደ ወደቡ ድረስ ይደርስ ነበር። የሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር በ1995 ዓ.ም. ይህን ሥራ ከታሪካዊ የምሕንድስና ሥራዎች እንደ አንዱ አድርጎ ሰይሞታል፤ ክብሩም የሚገባው ነበር።

ጭንቀቱ ከታች ነው። ከታንከሮቹ ሥር 30 ሜትር ያህል ወረድ ብሎ የሆኖሉሉ ሕዝብ የሚጠጣው የከርሰ ምድር ውኃ አለ። በመካከላቸው ያለውም ከእሳተ ገሞራ የተፈጠረ፣ ስንጥቅ የበዛበት ድንጋይ ነው። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ይህ ውኃ ለአካባቢው ሕዝብ ምትክ የሌለው መሆኑን በ1987 ዓ.ም. አረጋግጦ አስታውቋል። ይሁን እንጂ በ1988 ዓ.ም. ከመሬት በታች ስለ ተቀበሩ የነዳጅ ታንከሮች ሕግ ሲወጣ፣ በቦታው ላይ የተገነቡ ታላላቅ ታንከሮች ከዋና ዋናዎቹ ግዴታዎች ነፃ ሆነው ቀሩ። ይህ የተሻረው በ2015 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ በመንገድ ዳር አንድ ማደያ የከፈተ ሰው የቀበረውን ታንከር ፍሳሽ መቆጣጠሪያ እንዲያኖርለት ሲገደድ፣ ከሺህ እጥፍ የሚበልጠው የመንግሥቱ ታንከር ለሃያ ሰባት ዓመታት ያለዚህ ግዴታ ኖረ። በበኩላችን ከነገሩ ሁሉ እጅግ የሚያስገርመን ይህ ነው።

በጥር 2014 ዓ.ም. ከጥገና ተመልሶ የተሞላው 5ኛው ታንከር 27 ሺህ ጋሎን ያህል ነዳጅ አፈሰሰ። የሥራ ተቋራጩ ብየዳ ጉድለት እንደ ነበረበትና ተረካቢዎቹም በሚገባ ሳይመረምሩ እንደ ተረከቡት ተገለጠ። በዚህ ምክንያት የባሕር ኃይሉ፣ የመከላከያው የአቅርቦት ድርጅት፣ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱና የሃዋይ ጤና መምሪያ በ2015 ዓ.ም. የስምምነት ትእዛዝ ፈረሙ። ታንከሮቹን ለማሻሻል የተሰጠው ጊዜ ግን ሃያ ዓመት ያህል ነበር። የሆኖሉሉ የውኃ አቅርቦት ቦርድ ዋና መሐንዲስ ኤርኔስት ላው ይህ ጊዜ መብዛቱንና ውኃው በአደጋ ላይ መሆኑን በየስብሰባው ከመናገር አላቋረጡም። የከተማው ቦርድ ግን ማስጠንቀቅ እንጂ ማዘዝ አይችልም ነበር።

ወደ ጎደለው ነዳጅ እንመለስ። በግንቦት 6 ቀን 2021 ዓ.ም. ሠራተኞች ነዳጅ ከአንዱ ታንከር ወደ ሌላው ሲያዛውሩ በፈጸሙት ስሕተት በቧንቧው ውስጥ ኃይለኛ ግፊት ተነሥቶ መገጣጠሚያውን በረገደው። የባሕር ኃይሉ የፈሰሰው 1,618 ጋሎን መሆኑንና ከ38 ጋሎን በቀር ሁሉም መለቀሙን አስታወቀ። ነገሩ በዚህ የተዘጋ መሰለ። ኋላ በተደረገው ምርመራ እንደ ተረጋገጠው ግን የፈሰሰው ወደ 21 ሺህ ጋሎን ይጠጋ ነበር። አብዛኛው የእሳት ማጥፊያ አረፋ እንዲወርድበት በተዘረጋው የፍሳሽ ቧንቧ ውስጥ ገብቶ በዚያው ተቀመጠ። ይህ ቧንቧ ከብረት መሆን ሲገባው በፕላስቲክ ተሠርቶ ስለ ነበር፣ ለዚያን ያህል ክብደት ያልታሰበ በመሆኑ ወደ ታች ጎበጠ።

ከሁለት መቶ ሊትር በርሜል ብንቆጥረው የጠፋው 380 በርሜል ያህል ነው። ከአንድ መጋዘን 380 በርሜል ቢጠፋ የማይጮኽ ባለ ንብረት ይኖራል ብለን አንገምትም። በሬድ ሂል ግን የታንከሩ ልክ መውረዱን የሚያሳየው ቁጥርና ተለቀመ የተባለው ቁጥር በአንድ ጠረጴዛ ላይ ቀርበው አልተመሳከሩም፤ ወይም ቢቀርቡም የሚጠይቅ አለቃ አልነበረም። የባሕር ኃይሉ በ2022 ዓ.ም. ክረምት የገለጠው የራሱ የምርመራ ጽሑፍ ጥፋቱን በአንድ ሠራተኛ ላይ አላሳረፈውም። የሥልጠና ጉድለት፣ የአለቅነት ድካምና የተጠያቂነት መምታታት ተደራርበው ያመጡት መሆኑን አምኗል።

በኅዳር 20 ቀን 2021 ዓ.ም. በዋሻው ውስጥ ሠራተኞችን የሚያመላልሰው አነስተኛ ባቡር የጎበጠውን ቧንቧ መዝጊያ ገጭቶ ሰበረው። ስድስት ወር የተቀመጠው ነዳጅ በዋሻው ወለል ላይ ፈሰሰ፤ ከዚያም ወደ ባሕር ኃይሉ የመጠጥ ውኃ ጉድጓድ ደረሰ። ከሳምንት በኋላ በጦር ሰፈሩ መኖሪያ ቤቶች ያሉ እናቶች ውኃው ላምባ ላምባ እንደሚሸት መናገር ጀመሩ። ከዚህ የውኃ መሥመር የሚጠቀመው ሕዝብ ቁጥሩ 93 ሺህ ያህል ነበር። ራስ ምታት፣ ትውከትና የቆዳ ሽፍታ የያዛቸው ብዙዎች ነበሩ። ወደ አራት ሺህ የሚሆኑ ቤተሰቦችም ቤታቸውን ለቀው በየሆቴሉ ሰነበቱ።

ጉዳቱ በጦር ሰፈሩ አጥር ውስጥ ብቻ አልቀረም። የከርሰ ምድር ውኃ የሰፈር ድንበር አያውቅምና፣ የከተማው ቦርድ ነዳጁ ወደ ራሱ ጉድጓድ እንዳይሳብ በመስጋት በታኅሣሥ 2 ቀን ከዋና ምንጮቹ አንዱ የሆነውን የሃላዋን ጉድጓድ ዘጋ፤ ቀጥሎም ሁለት ሌሎች ጉድጓዶች ተዘጉ። በመጋቢት 2022 ዓ.ም. ሕዝቡ የውኃ ፍጆታውን በመቶ አሥር እንዲቀንስ ተለመነ። አዲስ ሕንፃ ለማሠራት ያሰቡ ሰዎችም የውኃ ቆጣሪ ለማግኘት ሊዘገዩ እንደሚችሉ ተነገራቸው። ለነጋዴው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆቴል ሊያሠራ ብድር የወሰደ ሰው፣ ወለዱ በየወሩ እየቆጠረ፣ ጥፋት ባልሠራበት ጉዳይ ሊጉላላ ይችላል ማለት ነው።

አሁን ወደ ጉዳዩ እምብርት ደርሰናል። በታኅሣሥ 6 ቀን 2021 ዓ.ም. የሃዋይ ጤና መምሪያ የባሕር ኃይሉ የሬድ ሂልን ሥራ እንዲያቆምና ታንከሮቹን እንዲያራግፍ አስቸኳይ ትእዛዝ ሰጠ። አንድ የክፍለ ግዛት የጤና መሥሪያ ቤት፣ የአንድ ታላቅ መንግሥት የጦር መርከቦች የሚንቀሳቀሱበትን ነዳጅ አውጣ ብሎ ማዘዙ ከቶ የተለመደ አይደለም። የባሕር ኃይሉ ትእዛዙን ተቃወመ፤ ክርክሩ ተሰምቶ በጥር 3 ቀን 2022 ዓ.ም. ትእዛዙ ጸና። እፈጽማለሁ ካለም በኋላ የፌዴራሉ መንግሥት በየካቲት ወር ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። የሆነ ሆኖ በመጋቢት 7 ቀን የመከላከያው ሚኒስትር ሎይድ ኦስቲን ማከማቻው ለዘለቄታው እንዲዘጋ መወሰናቸውን አስታወቁ። በ1943 ዓ.ም. በአንድ ቦታ ማከማቸት ብልህነት እንደ ነበረና በዛሬው ጊዜ ግን ነዳጅን በልዩ ልዩ ቦታዎች በትኖ መያዝ እንደሚሻል ገለጡ።

በዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ከንቱ አይደለም። ከአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጠቅላላ የኃይል ፍጆታ ውስጥ ሦስት አራተኛ ያህሉን የሚወስደው የመከላከያው ክፍል ነው። አውሮፕላንና መርከብ ያለ ነዳጅ ብረት ብቻ ናቸው፤ የጦር ሠራዊት ስንቅ ስለሚቀመጥበት ቦታም ሁሉን ነገር በአደባባይ መናገር አይቻልም። ይሁን እንጂ የታንከር ፍሳሽ ልክ የጦር ምሥጢር ሊሆን አይችልም። ተቆጣጣሪውና ተቆጣሪው አንድ ሰው በሆነበት ቤት ሒሳብ ሁልጊዜ ይገጥማል፤ በሬድ ሂልም ገጥሞ ነበር፤ የማይገጥም መሆኑን ያሳየው ነዳጁ በውኃው ውስጥ መገኘቱ ነው።

ጉዳዩ ለእኛ ነጋዴዎች ፍጹም ሩቅ አይደለም። ይኸው የባሕር ኃይል የሚያስተዳድረው ካምፕ ለሞኒዬ የሚባለው የጦር ሰፈር በጅቡቲ ይገኛል፤ የአገራችን የወጪና የገቢ ንግድ አብዛኛውም በዚያችው ከተማ ወደብ ያልፋል። ከአሜሪካ ውጭ ባሉ ሰፈሮች የአካባቢ ጥበቃው መለኪያ የመከላከያው ሚኒስቴር ራሱ ያወጣው ደንብና ከአስተናጋጁ አገር ጋር የተደረገው ውል ነው። የሃዋይ ሰዎች የያዙት ዓይነት ሥልጣን በውሉ ውስጥ ካልተጻፈ ኋላ ተፈልጎ አይገኝም።

ታንከሮቹን ማራገፉ ራሱ ትልቅ የንግድ ሥራ ሆነ። ያረጁት ቧንቧዎች ነዳጁን በደኅና ማውረድ ስለማይችሉ በመጀመሪያ ማደስ አስፈለገ። በኅዳር 2022 ዓ.ም. በዚያው ሥፍራ 1,300 ጋሎን ያህል የእሳት ማጥፊያ አረፋ ፈሶ ነበርና፣ የሕዝቡ ጥርጣሬ ይብስ በረታ። ማራገፉ በጥቅምት 2023 ዓ.ም. ተጀምሮ ከመቶ ሚሊዮን ጋሎን በላይ ነዳጅ በንግድ መርከቦች እየተጫነ ወደ ሌሎች ማከማቻዎች ተጓዘ። ከፊሉ በፊሊፒንስ ወደሚገኘው ሱቢክ ወደብ ሲሄድ በዚያም አገር ክርክር ማስነሣቱ አልቀረም። ሥራው የተፈጸመው በመጋቢት 2024 ዓ.ም. ነው።

ዋጋውስ? የአሜሪካ መንግሥት ነዳጁ ውኃውን ማበላሸቱንና ጥፋቱ የራሱ መሆኑን በፍርድ ቤት አምኗል። በግንቦት 2025 ዓ.ም. የፌዴራሉ ዳኛ በመጀመሪያ ለተሰሙት 17 ከሳሾች በድምሩ ከ680 ሺህ ዶላር በላይ ካሣ ፈረዱ። ለምሳሌ እንዲሆኑ የተመረጡት እነዚህ ናቸው፤ ከኋላቸው በሺህ የሚቆጠሩ ሌሎች ከሳሾች ይጠባበቃሉ። የከተማው የውኃ ቦርድ በበኩሉ ጉድጓዶችን ለመተካትና ውኃውን ለመመርመር የሚያስፈልገው ወጪ 1.2 ቢሊዮን ዶላር መሆኑን ገልጦ ጠይቋል። ሦስት ጡረታ የወጡ የባሕር ኃይል አድሚራሎች የተግሣጽ ደብዳቤ ደርሷቸዋል፤ ከማዕረግ የወረደ ግን የለም።

ታንከሮቹን የማጠብና ቧንቧዎቹን የማንሣት ሥራ ገና ብዙ ጊዜ የሚፈልግ ነው። የሃላዋ ጉድጓድም እስከ 2025 ዓ.ም. አጋማሽ ድረስ እንደ ተዘጋ ነበር።