በታይላንድ የአገር ውስጥ መጠጦች ስም ለምን ይፈራረቃል?

በታይላንድ ሱቆች አንዱ የአገር ውስጥ መጠጥ ጠፍቶ ሌላው ሲተካ፣ ምክንያቱ የጠጪው ምርጫ ብቻ አይደለም። ማን ምን ያህል እንደሚያመርት የሚወስነው ሕግም ጭምር ነው።

እ.አ.አ በ1941 ለገበያ የቀረበው ሜኮንግ ለአሥርት ዓመታት የአገሪቱ መለያ ነበር። “ውስኪ” ቢባልም በአመዛኙ የሚሠራው ከሸንኮራ አገዳ ተረፈ ምርት ነው። ዛሬ በስፋት የሚታዩት ሳንግሶምና ሆንግ ቶንግም፣ እንደ ሜኮንግ ሁሉ፣ የአንድ ግዙፍ ኩባንያ፣ የታይ ቤቭ፣ ምርቶች ናቸው። ስሙ ቢለወጥም ባለቤቱ ያው ነው፤ ኩባንያው ዕቅዱን ሲቀይር የለመዱት ጠርሙስ ከመደርደሪያ ሊጠፋ ይችላል።

አዲስ ተፎካካሪ በቀላሉ አልገባም። ውስኪ ወይም ጂን ለማምረት የሚሻ በቀን ቢያንስ 30,000 ሊትር የማምረት አቅም ለዓመታት ሲጠየቅ ቆይቷል። ለመንደር አምራቾች የተፈቀደው፣ አረቄን የሚመስለው ነጩ “ላው ካው” ነበር፤ እርሱም በአነስተኛ መሣሪያና በጥቂት ሠራተኞች። በ2022 የወጣ ደንብ ይህን ገደብ በመጠኑ አላልቷል።

ጉዳዩ የሕይወትም ነው። በ2024 በባንኮክ ሜታኖል የተቀላቀለበት ሕገ ወጥ መጠጥ ሰዎችን ገድሏል። አነስተኛው አምራች በሕግና በቁጥጥር ሥር እንዲሠራ መንገድ መክፈት ለገበሬው ገቢ፣ ለጠጪው ደግሞ ደኅንነት ነው።